ከቤት ሆኖ አብሮ ለመጸለይ፦ የስልክ መስመር፣ ዙም እና ዩቲዩብ ሲመዘኑ

በማርች 2020 መጨረሻ፣ በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት በአሜሪካ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ከ10 ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ በአካባቢው ያሉ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አጥቢያዎች ከባድ ሒሳብ ገጠማቸው። ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን (ካህናትና ዲያቆናት) ያስፈልጋሉ። የቀሩት አምስት ቦታዎች ለዜማ፣ ለድምፅና ለካሜራ ሠራተኞች እንኳ በጭንቅ የሚበቁ ናቸው። ምዕመናኑ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከቤት መሆናቸው ነው። ሰሙነ ሕማማትም ደጃፍ ላይ ነበረች፤ የዚያ ዓመት ትንሣኤ ኤፕሪል 19፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ዋለ።

አጥቢያዎቹ ያኔ የያዟቸው መሣሪያዎች በዋናነት ሦስት ናቸው፦ ነፃው የስልክ ኮንፈረንስ መስመር፣ ዙም እና የዩቲዩብ ቀጥታ ስርጭት። እዚህ የሚመዘኑት በሥዕል ጥራታቸው አይደለም። ጥያቄው ምዕመኑ ይጸልይበታል ወይስ ተቀምጦ ያይበታል የሚለው ነው። በዚህ ሚዛን ለዘወትር ጸሎት የስልኩ መስመር ይበልጣል። ለቅዳሴ ዩቲዩብ፣ ለትምህርትና ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ደግሞ ዙም ይሻላል። ሁሉንም በአንዱ ብቻ ለመሸፈን የሞከረ አጥቢያ አረጋውያኑን ወይም ልጆቹን ማጣቱ አይቀርም።

የስልክ መስመሩ

ፍሪ ኮንፈረንስ ኮል የተባለው ነፃ የስልክ መስመር ከወረርሽኙ በፊትም በዲያስፖራው ዘንድ የታወቀ ነበር፤ የማታ ጸሎትና ስብከት የሚካሄድበት አጥቢያ ጥቂት አልነበረም። እስከ 1,000 ሰው ይይዛል፣ የጊዜ ገደቡ ለማንኛውም ጸሎት ይበቃል፣ ኢንተርኔትም አይጠይቅም። ስማርት ስልክ የሌላቸው እናቶች፣ በሥራ ላይ ያለ የታክሲ ሹፌር፣ ሌሊት የምትሠራ ነርስ እኩል ይገቡበታል።

ትልቁ እንቅፋት ቁጥሩን መደወል፣ ከዚያ መግቢያ ኮዱን መጫን፣ ከዚያ የመሰላሉን ምልክት (#) መንካት ነው። ለአረጋውያን ሦስቱም ደረጃዎች ከባድ ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በስልካቸው ላይ አንድ ስም መዝግቡላቸው። ቁጥሩን ጻፉ፣ ቀጥሎ ሁለት ኮማ፣ ቀጥሎ ኮዱን፣ መጨረሻ ላይ # አድርጉ። አንዱ ኮማ ሁለት ሰከንድ ያህል ይጠብቃል። የመግቢያው ሰላምታ ረዝሞ ኮዱ ቀድሞ ከተላከ ሦስተኛ ኮማ ጨምሩ። «ጸሎት» ብላችሁ ካስቀመጣችሁት እናት ስሙን ነክተው ይገባሉ።

መስመሩን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ቴሌቪዥን ተከፍቶ፣ ድስት ተጥዶ፣ ስልኩ በስፒከር ላይ ሆኖ የተረሳ። ሰብሳቢው *5ን በተጫነ ቁጥር ሁኔታው ይቀያየራል፦ ሁሉም ተዘግቶ ራሱን መክፈት የሚችልበት፣ ሁሉም ተዘግቶ መክፈት የማይቻልበት፣ ሁሉም ክፍት የሚሆንበት። ተሳታፊው የራሱን ድምፅ የሚዘጋውና የሚከፍተው በ*6 ነው። ጸሎቱ ሲጀመር የመጀመሪያው ሁኔታ ላይ አድርጉ፤ ሁሉንም የምትከፍቱት ለቡራኬና ለሰላምታ ብቻ ይሁን። ሰብሳቢ የምታደርጉት ካህኑን ሳይሆን ከሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ሰው ይሁን። ካህኑ እየጸለዩ ኮከብ ሊጫኑ አይገባም።

የተሰጥኦው፣ ማለትም ምዕመኑ ለካህኑ የሚመልሰው ጸሎት፣ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። ሁሉም ተከፍቶ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲባል የሚሰማው ጸሎት ሳይሆን የተቆራረጠ ድምፅ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ጥሪ በተለያየ መዘግየት ይደርሳል፣ ጥሪዎቹን የሚያገናኘው ሥርዓትም ጎልቶ የመጣውን እየመረጠ ሌላውን ያፍናል። የሚሠራው ዘዴ አንድ ቤተሰብ መመደብ ነው። ካህኑ ከመጀመራቸው በፊት በ*6 ድምፃቸውን ከፍተው ይመራሉ፣ የተመደበው ቤትም በ*6 ከፍቶ ይመልሳል፣ ሌላው ድምፁ ተዘግቶ ከዚያ ቤት ጋር አብሮ በአፉ ይመልሳል። በየሳምንቱ ቤቱ ይቀየር። እግዚኦታው አርባ አንድ ጊዜ ሲደርስ ቁጥሩን የሚይዝ ሰው በዚያው ቤት ይኑር። ሁሉም በአንድነት ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚጸልይባቸው የወንጌላውያን ጉባኤዎችም የሚገጥማቸው ችግር ይኸው ነው፤ እነሱም በየተራ አንድ መሪ መስጠት ይኖርባቸዋል።

ጉድለቱ ሁለት ነው። የተለመደው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ያስተላልፋል። ለንግግርና ለንባብ ይበቃል፤ የከበሮው ጥልቅ ድምፅ ግን ከታች፣ የጸናጽሉ ጥራት ከላይ ይቆረጣል። ማኅሌት በስልክ አታስተላልፉ። ሁለተኛው የክፍያ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ መግቢያ ቁጥሮች በ712 (አይዋ) ወይም በ605 (ደቡብ ዳኮታ) የሚጀምሩ ናቸው፤ አንዳንድ የስልክ ድርጅቶች እነዚህን ቁጥሮች ካልተገደበው ጥሪ ውጭ አድርገው በደቂቃ ሳንቲም ሲያስከፍሉ ኖረዋል። ምዕመናን የመጀመሪያውን ወር ሒሳባቸውን እንዲያዩ ንገሯቸው። የሚያስከፍላቸው ካሉ በዚያው አገልግሎት አፕ በኩል ይግቡ።

ዙም

ነፃው ዙም 100 ሰው ይይዛል፣ በ40 ደቂቃም ይዘጋል። ስብከት መሐል ላይ ሲቋረጥ የሚመለሰው ግማሹ ሰው ነው። በ2020 በወር 14.99 ዶላር የነበረው፣ ፕሮ የተባለው የሚከፈልበት ዙም የጊዜ ገደቡን ያነሳል፣ የሰው ብዛቱን ግን አይጨምርም፤ ከ100 በላይ ለመያዝ ተጨማሪ ክፍያ አለ። እዚህ ላይ ሰበካ ጉባኤዎች ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። ባልና ሚስት በሁለት ስልክ ሲገቡ እንደ ሁለት ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ «አንድ ቤት፣ አንድ መሣሪያ» ብሎ ማስታወቅ ቦታ ያተርፋል፣ ጩኸትም ይከላከላል።

ዙም ለስብሰባ የተሠራ ነው። ድምፅ ማጣሪያው የሰው ንግግር ያልሆነውን ሁሉ እንደ ረብሻ ስለሚቆጥር ጸናጽሉን ያጠፋዋል፣ ከበሮው በተመታ ቁጥርም የመሪውን ድምፅ ወደ ታች ይጎትተዋል። የሚዘምር ሰው ድምፅ ተዘርግቶ ሲቆይ ማጣሪያው የአየር ማቀዝቀዣ ጩኸት መስሎት ቀስ በቀስ ያደበዝዘዋል። በግዕዝና በዕዝል ዜማ ረጅም ማሳረፊያ ላይ ይህ በግልጽ ይሰማል። መድኃኒቱ በኦዲዮ ማስተካከያው ውስጥ «ኦሪጅናል ሳውንድ ፎር ሙዚሻንስ» የሚለውን መክፈት ነው፤ ከዚያም ስብሰባው ውስጥ ገብቶ ከላይ በግራ ጥግ ያለውን ቁልፍ ማብራት። ብዙዎች የመጀመሪያውን ያደርጉና ሁለተኛውን ይረሳሉ። የማሚቶ መከላከያውን (ኤኮ ካንስሌሽን) የምታጠፉት መዘምሩ የጆሮ ማዳመጫ ካደረገ ብቻ ነው። በስፒከር እየሰማ ካጠፋችሁት ድምፁ ዞሮ ይጮኻል።

አብሮ መዘመርን ግን በየትኛውም ማስተካከያ አታገኙትም። ሰዎች ተስማምተው ለመዘመር በመካከላቸው ያለው መዘግየት ከ30 ሚሊሰከንድ ብዙ መብለጥ የለበትም፤ ይህም ድምፅ በአየር 10 ሜትር የሚጓዝበት ጊዜ ነው። በኢንተርኔት የሚመጣ ድምፅ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይዘገያል። የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራንን በዙም «አንድ ላይ» ለማዘመር የሚደረገው ሙከራ የሚደክመው በዚህ ነው፤ የልጆቹ ጥፋት አይደለም። አንዱ ይዘምር፣ ሌላው ድምፁን ዘግቶ ይከተል። ለበዓል ከሆነ እያንዳንዱ ልጅ አንድን የመሪ ቅጂ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ራሱን ይቅረጽ፣ ከዚያ አንድ ሰው ያቀናጀው።

ስለ ደኅንነቱ፦ በፀደይ 2020 ያልተጠሩ ሰዎች ስብሰባ ውስጥ እየገቡ ጸያፍ ምስል ያሳዩ ነበር። ዙም ከኤፕሪል 5፣ 2020 ጀምሮ የይለፍ ቃልና የመጠበቂያ ክፍል አስቀድመው እንዲበሩ አደረገ። ያ ብቻ አይበቃም። ስክሪን ማጋራትን ለሰብሳቢው ብቻ አድርጉ፣ ጽሑፍ መሳያውን (አኖቴሽን) አጥፉ፣ ሰው ሲገባ ድምፁ የተዘጋ ይሁን፣ ሊንኩን ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። በር ላይ የሚቆም ሰው መድቡና በመጠበቂያ ክፍሉ ያለውን ሰው በስሙ ይለይ። «አይፎን» ወይም «ሳምሰንግ» ብሎ የመጣ ሁሉ ሰርጎ ገብ አይደለም፤ ብዙዎቹ ስማቸውን መቀየር ያላወቁ አባቶችና እናቶች ናቸው። ገብተው ስማቸውን ይናገሩ። የሚከፈልበት ዙም የስልክ መግቢያ ቁጥርም አለው፤ በስልክ ለሚገባው ሰው *6 ድምፅ መክፈቻ፣ *9 እጅ ማውጫ ነው። *6 በሁለቱም አገልግሎት አንድ መሆኑ ለማስተማር ይመቻል።

ዩቲዩብ

ለቅዳሴ ዩቲዩብን የምንመርጠው ተመልካቹ በቴሌቪዥን ሊከፍተው ስለሚችል፣ የሰው ብዛት ስለማይገድብና የድምፅ ማጣሪያ ስለሌለበት ነው። የገባለትን ድምፅ እንዳለ ያስተላልፋል። ስለዚህ ጥራቱ በሙሉ የእናንተ ኃላፊነት ነው።

ቻናሉን በስልክ ቁጥር ካረጋገጣችሁ በኋላ የመጀመሪያው የቀጥታ ስርጭት ፈቃድ እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ቅዳሜ ማታ የጀመረ ሰው ለእሑድ ላይደርስ ይችላል። በ2020 ከስልክ በቀጥታ ለማስተላለፍ 1,000 ተከታይ ይጠየቅ ነበር፤ በኮምፒውተር ኦቢኤስ በተባለው የስርጭት ፕሮግራም በኩል ግን ገደቡ አልነበረም። አዲስ ቻናል የከፈቱ አጥቢያዎች ለኦቢኤስ ላፕቶፕ ማዘጋጀት የነበረባቸው ለዚህ ነው።

ለኦቢኤስ 720 መስመር፣ በሰከንድ 30 ሥዕል፣ 2,500 ኪሎቢት፣ የቁልፍ ሥዕል (ኪፍሬም) በየ2 ሰከንድ ይበቃል። ከዚያ በላይ መሄድ ለቅዳሴ ጥቅም የለውም፤ ካሜራው አይንቀሳቀስምና። የኢንተርኔቱ የመላኪያ ፍጥነት የዚያ እጥፍ፣ ማለትም 5 ሜጋቢት ይሁን። ሦስት ሰዓት የፈጀ ቅዳሴ 3.4 ጊጋባይት ያህል ይልካል፤ በስልክ ዳታ ለምታስተላልፉ ይህን አስቡ። ዋይፋይን ተዉትና ኬብል ዘርጉ። አዳራሹ ባዶ ሆኖ ሲሞከር የሠራ ዋይፋይ ሁሉም ስልኩን ይዞ ሲገባ ይደክማል።

ድምፁን ከካሜራው ማይክ አትውሰዱ። ከሚክሰሩ (ድምፅ መቀላቀያው) የኦክስ መውጫ፣ ማለትም ለብቻው ከሚቀላቀለው ተጨማሪ መውጫ፣ ወደ ዩኤስቢ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ድምፅን ወደ ኮምፒውተር ማስገቢያ መሣሪያ)፣ ከዚያ ወደ ላፕቶፑ ይግባ። ዋናውን መውጫ ሳይሆን ኦክሱን የምንለው በምክንያት ነው፦ ከበሮው በአዳራሹ ውስጥ ማይክ ሳይፈልግ ስለሚሰማ በዋናው ሚክስ ውስጥ የለም፤ ቤት ያለው ሰው ጭብጨባና የራቀ ጉምጉምታ ብቻ ይሰማል። በኦክሱ ላይ ለከበሮው የራሱን ማይክ በትንሹ ጨምሩ። ተጨማሪ አንድ ማይክ ወደ ቅኔ ማኅሌቱ አዙሩ፤ ተሰጥኦ የሚመልሱት ሦስትም ሰዎች ቢሆኑ ድምፃቸው መሰማት አለበት። ምዕመኑ ከቤቱ የሚመልሰው እነሱን ተከትሎ ነው። መጋረጃው ሲዘጋ የሚቀረው ድምፅ ብቻ ስለሆነ የመቅደሱ ማይክ ከሁሉ በፊት ይፈተሽ። ካሜራው ከመጋረጃው ወዲያ አይለፍ፤ መጋረጃው ሲዘጋም ሥዕሉን ወደ ሌላ ነገር አትቀይሩት።

የግዕዙን ጸሎት ከአማርኛው ጋር በስክሪን ስታወጡ በፊደሎቹ ፋንታ ባዶ ሳጥን ከመጣ ፎንቱ ኢትዮጵያዊ ፊደል የለውም ማለት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም ኒያላ ምረጡ።

ከቅዳሴው በፊት የተቀረጸ መዝሙር አታጫውቱ። የዩቲዩብ የመብት መለያ ሥርዓት ቅጂውን ካወቀው ስርጭቱን ሊያቋርጥ ወይም ማስታወቂያ ሊያስገባበት ይችላል። ከኖቬምበር 2020 ወዲህ ደግሞ በደንቡ መሠረት የገቢ ፕሮግራም ውስጥ ያልገባ ቻናልም ማስታወቂያ ሊታይበት ይችላል። ለጸሎት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የዩቲዩብን ነጥብ በእኛ ሚዛን ዝቅ የሚያደርገውም በዋናነት ይኸው ነው።

ዩቲዩብ ከመሠዊያው ከጥቂት ሰከንዶች እስከ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። አንድ ቤት ውስጥ ዩቲዩቡና የስልክ መስመሩ አብረው ከተከፈቱ «ጸልዩ» የሚለው የዲያቆኑ ድምፅ ሁለት ጊዜ ይመጣል። አንዱን ዝጉ።

ለሦስቱም የሚሆን

የሕመምተኛ ስም በዩቲዩብ አይጠራ። ቪዲዮው ይቀራል፣ በዚያ ወቅትም በኮቪድ የታመመ ቤተሰብ እንዲታወቅበት አይፈልግም ነበር። ስሙ የሚጠራው በስልክ መስመሩ ላይ፣ ያም በክርስትና ስም ብቻ ይሁን፤ መቅረጫውም ይጥፋ።

ሰዓት ስታስታውቁ ሁለቱንም ጻፉ፦ «ከጠዋቱ 12 ሰዓት (6 ኤኤም) በዋሽንግተን ሰዓት»። «በ12 ሰዓት» ብቻ ከተባለ በእኩለ ቀን የሚደውል ሰው አይጠፋም። አዲስ አበባ ሰዓቷን ስለማትቀይር ልዩነቱ ከማርች እስከ ኖቬምበር 7፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች 8 ሰዓት ነው። በማርችና በኖቬምበር ለውጥ ሳምንት ከኢትዮጵያና ከዱባይ የሚገቡት እንዳያመልጣቸው ቀድማችሁ ንገሩ። ከኢትዮጵያ ለሚከታተሉት ዳታ ውድ ነው፤ በ64 ኪሎቢት ድምፅ ብቻ ቢላክ በሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ነው የሚፈጀው፣ በ1,500 ኪሎቢት ሥዕል ግን 675 ሜጋባይት። የስብከቱን ድምፅ ለብቻው በቴሌግራም መልቀቅ ለእነሱ ትልቅ እርዳታ ነው።

ቅዱስ ቁርባንን የትኛውም መስመር አያደርስም፤ «መንፈሳዊ ምትክ» እያሉ ለማሳመን አትሞክሩ። የንስሐ አባቶች ልጆቻቸውን በስልክ ደውለው በተራ የሚያስገቡበትን ዝርዝር ያዘጋጁ። እንደ ያኔው የተፈቀደው 10 ሰው ብቻ ሲሆን ከልዑካኑና ከባለሙያዎቹ የሚተርፈው ቦታ በአንድ ቅዳሴ ቢበዛ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ነው፤ ስለዚህ ሕሙማንና ነፍሰ ጡሮች ይቅደሙ፣ ዝርዝሩንም ከሐሙስ በፊት ጨርሱ፣ የሚጾመው ሰው ተራው መሆኑን አውቆ እንዲዘጋጅ።