ሽሮ ሜዳ፦ ጋቢውን ግዙ፣ ቀሚሱን እለፉት

ደሞዝ ወር ሳይሞላ በሚያልቅበት ከተማ ስለ «ለአካባቢ ተስማሚ ፋሽን» ማውራት ቀልድ ይመስላል። ግን እስቲ አስቡት። ከጥጥ የተሠራ፣ ያለ ኤሌክትሪክ በእጅና በእግር የተሸመነ፣ ዓመታት የሚቆይ፣ ሲያልቅለትም አፈር ውስጥ የሚበሰብስ ልብስ አውሮፓ ቢሆን በስንት ይሸጥ ነበር? እኛ ጋ በታክሲ ይደረስበታል። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሽቅብ፣ የአሜሪካ ኤምባሲን አለፍ ብሎ፣ ሽሮ ሜዳ፣ የአዲስ አበባው የሀገር ልብስ ገበያ።

ስለዚህ ሽሮ ሜዳን ልክ እንደ አንድ ሱቅ ልገመግመው ነው። «ባህላችን ነው» ተብሎ ነጥብ አይጨመርለትም። ተከራይ ነኝ፣ ደሞዝተኛ ነኝ፣ ቁም ሳጥኔም ትንሽ ነው፤ መለኪያዬ ይኼ ነው።

ከምርጡ ልጀምር፦ ጋቢ። ስትገዙት ርካሽ አይደለም፣ የመጀመሪያው ዋጋ ሲጠራ እንዲያውም ትንሽ ያስደነግጣል። ቁጥሩን ሆን ብዬ አልጽፈውም። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ በሚቀጥለው ወር ከነጋዴ ጋር ያጣላችኋል። ግን ጋቢ አንድ ልብስ ብቻ አይደለም። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፣ ጋቢ አራት፣ እና ያ ውፍረት ነው ሥራ የሚሠራው። እኔ ቤት ማታ ብርድ ልብስ ነው፣ ጠዋት ቡና ሲፈላ ካፖርት ነው፣ እንግዳ ሲያድር ደግሞ ለእንግዳው ይሰጣል። ሐምሌና ነሐሴ ብርዱ አጥንት ሲገባ ማሞቂያ ሰክቶ የመብራት ቆጣሪ ከማስሮጥ ጋቢ ተከናንቦ መቀመጥ ይሻለኛል። ሲሳሳ ደህናው ቦታ ተቆርጦ የሕፃን ማቀፊያ ይሆናል፣ ከዚያ መወልወያ። አንድ ችግር ብቻ አለው፤ ሴት ልጅ ጋቢ ደርባ ሱቅ ከወረደች ጎረቤቱ ሁሉ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ይላል።

ጥራቱን ለማወቅ ማጉን፣ አግድም የሚገባውን ክር፣ እዩ። ሸማኔው ድሩን፣ ማለትም በቁመት የሚወጠረውን ክር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደራው ከፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ግን ጥሩ ጋቢ ላይ በእንዝርት የተፈተለ ነው። የእጅ ፈትል አንድ ቦታ ወፈር፣ አንድ ቦታ ሳሳ ይላል፣ ከታጠበ በኋላም ይፍታታና ይበልጥ ይሞቃል። ክሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ከሆነና ካብለጨለጨ ጠርጥሩ።

ጥርጣሬያችሁን የምታጠሩት ደግሞ በክብሪት ነው። ከጫፉ ላይ አንድ ክር ለምኑና ከሱቁ ወጣ ብላችሁ አቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ፖሊስተር ወይም አክሪሊክ ከሆነ ግን ይቀልጣል፣ ይሸበሸባል፣ ጫፉ ላይ ጠጣር ጥቁር እንክብል ይቀራል። እውነተኛ ጥጥ የያዘ ነጋዴ ክሩን ራሱ መዝዞ ይሰጣችኋል። አንዷ «ንጹሕ ጥጥ ነው፣ እናቴ ትሙት» እያለች የማለችልኝ ሻርፕ እንደ ፌስታል ቀለጠ። «ምነው እህቴ፣ ሱቄን ልታቃጥይ ነው የመጣሽው?» አለችኝ፣ ሳቅንና ተለያየን።

ኩታና ነጠላም ጥሩ ናቸው፣ በተለይ ለቤተ ክርስቲያን የሚፈልግ ሰው እዚህ አይከስርም።

ቀሚሱ ላይ ግን እጄን እሰበስባለሁ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ብሎ የተረተ ሰው ለፋሽን ነጋዴዎች ከማንም በላይ ውለታ የዋለ ሰው ነው። ለአንድ በዓል ይገዛል፣ ፎቶ ይነሱበታል፣ የሚቀጥለው ዓመት ፋሽኑ ተቀይሮ ሌላ ይገዛል። የሚያብረቀርቀው የጥለት ክር ብዙውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው። ይባስ ብሎ አሁን ጥለቱ በማሽን የታተመበት ከውጭ የመጣ የፋብሪካ ጨርቅ ከሽመናው ጎን ተሰቅሎ ይሸጣል። ርካሽ ነው፣ ያምራልም፣ ከሩቅ አይለይም። ግን ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ፖሊስተር ነው። በታጠበ ቁጥር ደቃቅ የፕላስቲክ ቃጫ ውኃው ውስጥ ይለቃል፣ የሸማኔውንም እንጀራ ይሻማል። ሰርግ ካለባችሁ የአበሻ ልብስ የሚያከራዩ አሉ። ወይም የእናታችሁን የቆየ ቀሚስ ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያው ያሉት ልብስ ሰፊዎች ደህናውን ጥለት ፈትተው በአዲስ ጨርቅ ላይ ይሰፉላችኋል፣ ሳይጠይቋችሁም ወገቡን ያጠቡታል።

አሁን ደስ የማይለው ክፍል። ልብሱ ለምድር ጥሩ ነው ማለት ለሠራው ሰው ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ ናቸው። የሚከፈላቸው በቁራጭ ነው፣ የሚሠሩት ከዋናው መንገድ ጀርባ ባሉ ጠባብና ጨለማ ክፍሎች ነው፣ በመካከል ደግሞ ነጋዴው አለ። «አዲስ አበባ ወስጄ አስተምረዋለሁ» ተብለው ከወላጆቻቸው የተወሰዱ ልጆች ከትምህርት ቤት ይልቅ መሸመኛው ሥር ባለ ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ከተው ሲሸምኑ መገኘታቸው ሚስጥር አይደለም። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ በሚያወጣው የዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና አለበት። (ኤምባሲያቸው ደግሞ እዚያው ቁልቁል ነው፣ ምን ይባላል።)

ሱቆቹ ላይ ይኼን የሚነግራችሁ ምንም ነገር የለም። ማን ሸመነው፣ የት፣ በስንት? ወረቀት የለም፣ የክሩን ዓይነት የሚገልጽ ምልክት እንኳን የለም። ለጋቢው ከአሥር ዘጠኝ እሰጣለሁ፣ ለግልጽነት ሁለት፣ እሱም ነጋዴዎቹ ሲጠየቁ ስለማይቆጡ ነው።

እኔ ያገኘሁት መላ ትእዛዝ ነው። ሱቁ ውስጥ «ሸማኔውን ማግኘት እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ግማሾቹ ፊታቸው ይጠቁራል፣ አንዳንዶቹ ግን ራሳቸው ሸማኔ ናቸው ወይም ባላቸው ሸማኔ ነው፣ ውስጥ አስገብተው መሸመኛውን ያሳዩአችኋል። እንደዚህ ዓይነቱ ጋ ቀብድ ከፍላችሁ እዘዙ። ቁመቱን፣ ውፍረቱን፣ የጥለቱን ቀለም እናንተ ትመርጣላችሁ፣ ብሩም በቀጥታ እጁ ይገባል። እና እባካችሁ፣ ሱቅ ነጋዴ ጋ እንደልባችሁ ተከራከሩ፣ መወርወሪያ የያዘ ሸማኔ ጋ ግን አታድርቁት። አንድ ጋቢ የስንት ቀን ሥራ እንደሆነ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ለክርክር አፉ አይፈታም። ኃላፊነቱን የወሰዱ ድርጅቶችም አሉ፤ ሳባሃር ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐርና ጥጥ በእጅ እያሸመነ ይሸጣል፣ ዕቃው ውብ ነው፣ ዋጋው ግን ከኔ ኪስ በላይ ነው።

ጂንስ፣ ጃኬት፣ የሥራ ሱሪ? ሽሮ ሜዳ አይሆንም። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ወደ ሳልባጅ እንሮጣለን፤ የተለበሰን መልሶ መልበስ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ልባሽ ጨርቅ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ቦንዳው በኮንትሮባንድ ነው የሚመጣው፣ ነጥብ ልሰጠው አልችልም። ያላችሁን ማስጠገን ይቀድማል። ለእግር ደግሞ በረባሶ አለ፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚቆረጠው፤ አይሞትም። ጫማ ሠሪው ድርጅት ሶልሬብልስ ያንን ሐሳብ ይዞ ነው ከዘነበወርቅ እስከ ውጭ አገር የዘለቀው።

ስለ አጠባው አንድ ነገር። ጋቢያችሁን በረኪና አታስነኩት፤ ጥጡን ያሳሳዋል፣ ጥለቱንም ያደበዝዛል። ለብ ባለ ውኃና በቀላል ሳሙና እጠቡት፣ ሳትጠመዝዙ ዘርጉት። ድሮ በእንዶድ ነበር የሚታጠበው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ነው፣ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣን የሚገድል ዕፅ መሆኑን የደረሰበት። ዛሬም እንዶድ ገበያ ላይ ይገኛል፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ይሠራል። ዕጣቢውን ብቻ ወንዝ ውስጥ አትድፉት፣ ዓሣም ይገድላል።

መቼ እንሂድ ካላችሁ፣ ከጥምቀት፣ ከፋሲካና ከእንቁጣጣሽ በፊት ባሉት ሳምንታት አትሞክሩት፣ መቆሚያም የለም፣ ዋጋውም ሌላ ነው። ዐቢይ ጾም መሐል ላይ ሰርግ ስለሌለ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ነጋዴውም ጊዜ አለው። ጠዋት ሂዱ፣ ጥሬ ብር ያዙ፣ ትእዛዝ ከሰጣችሁ የተስማማችሁበትን ዋጋና ቀን ወረቀት ላይ አስጽፉ፣ ከተባለው ቀን በኋላ ደግሞ ሁለት ሳምንት በልባችሁ ጨምሩ።