«ስብ አቅላጭ» የተባለው የቅዝቃዜ ሰደርያ፦ የስድስት ሳምንት ሙከራ

በማስታወቂያው «ቡናማ ስብን ቀስቅሶ ነጭ ስብን ያቃጥላል» የተባለለትን ይህን ሰደርያ በ14,000 ብር ገዝቼ ለስድስት ሳምንታት በየማታው ለብሼዋለሁ። ነጭ ስብ ሰውነት ትርፍ ኃይል የሚያከማችበት ነው፤ ቡናማ ስብ ደግሞ ማገዶውን አቃጥሎ ሙቀት የሚሰጥ ነው። ዕቃው በደንብ የተሠራ ነው፤ ስፌቱ ጠንካራ ነው፣ በትከሻና በደረት ላይ የሚገቡት የበረዶ ከረጢቶችም ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሳይሞቁ ይቆያሉ። ቅሬታዬ አብረውት በሚመጡት መመሪያና የስልክ መተግበሪያ ላይ ነው፤ ሁለቱም ቡናማ ስብን ብርድ በጨመረ ቁጥር ያለ ገደብ እንደሚነድ ምድጃ አድርገው ያቀርቡታልና።

መነሻው እውነት ነው። አዋቂ ሰዎችም የሚሠራ ቡናማ ስብ እንዳላቸው እ.ኤ.አ. በ2009 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጡ ሦስት ጥናቶች በግልጽ አሳይተዋል። ቆዳ ብርድ ሲሰማው መልእክቱ ወደ አንጎል ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ቡናማው ስብ የሚሄዱት ነርቮች ኖርአድሬናሊን የተባለ አነቃቂ ኬሚካል ይለቃሉ። በዚህ ጊዜ በሕዋሱ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለው መልእክተኛ ይበዛል፣ የተከማቸው ስብም ተሰባብሮ ፋቲ አሲድ ይሆናል። ፋቲ አሲዱ ማገዶ ከመሆኑም በላይ፣ በሚቶኮንድሪያ (በሕዋሱ የኃይል ማመንጫ) የውስጥ ሽፋን ላይ የሚገኘውን ዩሲፒ1 የተባለ ፕሮቲን ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ኤቲፒ የተባለውን የሕዋሱን የኃይል ሞለኪውል ለመሥራት ይውሉ የነበሩት ፕሮቶኖች (ጥቃቅን የሃይድሮጅን ቅንጣቶች) በዚያ በኩል ሾልከው ያልፋሉ፣ ኃይላቸውም ሙቀት ሆኖ ይወጣል። መመሪያው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆማል።

ያልተነገረን ግን ኅብረ ሕዋሱ የራሱ ልጓም ያለው መሆኑ ነው። በሕዋሱ ውስጥ ያለው ኤቲፒ ራሱ ዩሲፒ1 ላይ ተጣብቆ ይዘጋዋል፤ ስለዚህ ነርቩ ካላዘዘና ፋቲ አሲዱ ካልመጣ በሩ አይከፈትም። ብርዱ ሲረዝም ደግሞ ሌላ ልጓም ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 በኔቸር ሜታቦሊዝም የታተመ የአይጦች ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሳይክሊክ ኤኤምፒን ከሚሠሩት ፕሮቲኖች አንዱ የሆነው አዴኒሊል ሳይክሌዝ 3፣ ቅዝቃዜ ሲቆይ አጭር ቅጂው መመረት ይጀምራል፤ ይህም ቅጂ ሙሉውን ፕሮቲን ወደ ሕዋሱ ሽፋን እንዳይደርስ ይይዘዋል፣ የሙቀቱም ትእዛዝ ይቀንሳል። አጭሩ ቅጂ የሌላቸው አይጦች የበለጠ ኃይል ያቃጠሉ ሲሆን፣ ቅባት የበዛበት መኖ እየበሉም ብዙ አልወፈሩም። እንግዲህ «በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ» የሚለው የመመሪያው ምክር በምን ላይ እንደተመሠረተ አይገባኝም።

ይህ ልጓም በከንቱ የተሠራ አይደለም። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ዳይናይትሮፌኖል የተባለ የማክሻ መድኃኒት ይሸጥ ነበር፤ እርሱም ፕሮቶኖችን በመላው ሰውነት ሚቶኮንድሪያ ውስጥ የሚያሾልክ፣ የሚያቆመውም ነገር የሌለው ስለነበር ሰዎች የሰውነታቸው ሙቀት ከመጠን አልፎ ሞተዋል።

ስለ መተግበሪያው ብዙ ማለት አያስፈልግም። አንድ ማታ ሰደርያውን ወንበር ላይ ሰቅዬ ሰዓቱን አስጀመርኩት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እኔ ለብሼው ስቆይ ከሚጽፈው ጋር እኩል የሆነ «የተቃጠለ ካሎሪ» ጻፈ። የሚቆጥረው ደቂቃን እንጂ ሙቀትን አይደለም። ክብደቴም በስድስቱ ሳምንታት አልተለወጠም። መመሪያው መንቀጥቀጥን «ቡናማ ስብዎ ሥራ ጀመረ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ መንቀጥቀጥ ግን የጡንቻ ሥራ ነው፣ ቡናማው ስብ ሙቀት የሚሰጠው ያለ መንቀጥቀጥ ነው። ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ብርድ የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ እየታወቀ፣ የልብና የግፊት ሕመምተኞች ሐኪማቸውን እንዲያማክሩ የሚል አንድ መስመር እንኳ አለመጻፉ ነው።

ለክብደት መቀነሻ እንዲገዛ ለማንም አልመክርም። ሙቀት ባለበት ቦታ ለሚሠራ ሰው ግን ጥሩ ዕቃ ነው፤ እንጀራ የምትጋግረው እኅቴ አሁን ምጣድ ፊት ስትቆም ትለብሰዋለች፣ ከረጢቶቹንም በየሰዓት ተኩሉ ትቀያይራቸዋለች።