የፊፋ እገዳ ወይስ የፍርድ ቤት መቀጮ?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 20 ቀን 2023 ስፔን ሲድኒ ላይ የሴቶችን ዓለም ዋንጫ ስታነሳ፣ የአገሪቱ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሉዊስ ሩቢያሌስ ተጫዋቿን ጄኒ ኤርሞሶን ጭንቅላቷን ይዞ ከንፈሯን ሳማት። ፈቃዴን አልሰጠሁም አለች። ለአንዱ ድርጊት ሁለት ቅጣት መጣ።

ፊፋ በጥቂት ወራት ውስጥ ለ3 ዓመት ከማንኛውም የእግር ኳስ ሥራ አገደው።

ፍርድ ቤቱ እስከ ፌብሩዋሪ 2025 ቆየ። በወሲባዊ ጥቃት ጥፋተኛ ብሎ 10,800 ዩሮ ቀጣው፤ ለ1 ዓመትም ከ200 ሜትር ባነሰ ርቀት እንዳይቀርባት ከለከለው። መሳሙ በፈቃዴ ነበር እንድትል ጫና አድርጎባታል በሚለው ክስ ግን ነፃ ወጣ። ዐቃቤ ሕግ እስራት ጠይቆ ነበር። ለዚህ ድርጊት እስራቱ ይበዛ ነበር ባይ ነኝ፤ ገንዘቡ ደግሞ ለእሱ ዓይነቱ ባለሥልጣን ብዙም አይከብድም። ያም ሆኖ ፍርዱ እገዳው የማይችለውን አድርጓል፤ ድርጊቱን ወንጀል ብሎ በስሙ ጠርቶታል። ይህ ለኤርሞሶ ትልቅ ነገር ነው።

ምረጥ ብባል ግን እገዳውን አስቀድማለሁ። አለቃዋ ባይሆን ኖሮ በዚያ የሽልማት መድረክ ላይ አይቆምም ነበር፤ እገዳው የነካው ያንን ሥልጣን ነው።