ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘች መኪና፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ስለ መኪናዋ ጉልበትና ስለ መቀመጫዋ ምቾት የምለው ጥቂት ነው፤ ሁለቱም አጥጋቢ ናቸው። ከዚህ ቀደም ከነዳኋቸው የለየቻት በውስጧ የታጨቁት ካሜራዎችና ማስጠንቀቂያዎች እንዲሁም ከአምራቹ ጋር ያላት የማያቋርጥ ግንኙነት ነው። አብዛኞቹን ማስጠንቀቂያዎች ያስገባቸው የአውሮፓ ኅብረት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደኅንነት ደንብ ሲሆን፣ ደንቡ ከጁላይ 2024 ጀምሮ አዲስ ተመዝግበው ወደ መንገድ የሚወጡትን መኪኖች ሁሉ ይመለከታል።

ነጂው በየዕለቱ የሚጋፈጠው የፍጥነት ማስጠንቀቂያውን ነው። የፊት ካሜራው የመንገድ ምልክቶችን ያነባል፣ ያነበበውን ከካርታው ጋር ያመሳክራል፣ ገደቡ ሲታለፍም ይጮኻል። ደንቡ ነጂው እንዲያጠፋው ቢፈቅድም፣ መኪናዋ በተነሣች ቁጥር ተመልሶ እንዲበራ ያዝዛል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ካሜራው ለመገንጠያው የተተከለውን 40 ቁጥር ለዋናው መንገድ አድርጎ ሲያነብ፣ ወይም የመንገድ ጥገና ካበቃ በኋላ ሳይነሣ የቀረ ምልክት ሲያገኝ፣ ሕግ አክባሪውን ነጂ ያለ ጥፋቱ ይቆጣዋል። በአንድ የሶፍትዌር ማሻሻያ ስሕተቱ ቀንሷል፣ አልጠፋም። በእኔ መኪና በመሪው ላይ ያለውን ቁልፍ ጫን አድርጎ መያዝ ዝም ያሰኘዋል፤ ይህንኑ ለማድረግ ስክሪኑን ገጽ በገጽ ማሰስ የሚጠይቁ መኪኖችም አሉ። ደንቡ መሣሪያው እንዲኖር አስገደደ፤ የአሠራሩ ጥራት በአብዛኛው በአምራቹ እጅ ቀርቷል። ውጤቱም ብዙ ሰው መኪናውን እንዳስነሣ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ማስጠንቀቂያውን ማጥፋት መሆኑ ነው፤ ሕግ አውጪዎቹ የፈለጉት ይህን አይመስለኝም።

በራሱ የሚይዘው የአደጋ ጊዜ ፍሬን ግን ተቃራኒው ነው። ለወራት መኖሩን አላወቅሁትም ነበር፤ ከፊቴ ያለችው መኪና ድንገት ስትቆም ከእግሬ ቀድሞ ያዘ። በእኔ ግምት ለዚህ ብቻ ደንቡ ሊመሰገን ይገባዋል። መኪናዋ ከመስመሯ እንዳትወጣ የሚጠብቀው መሣሪያ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፦ ሰፊ መንገድ ላይ ይረዳል፣ ፍሬቻ ሳያበሩ ብስክሌተኛን ርቀት ለመስጠት ወደ መሃል ጠጋ ሲሉ ግን መሪውን ወደ ብስክሌተኛው ይመልሰዋል። ፍሬቻ ማብራት ይህን ያስቀረዋል።

የሶፍትዌር ማሻሻያው ያለ ገመድ በኢንተርኔት ይመጣል፣ የሚጫነውም መኪናዋ ቆማ ሳለ ነው፤ እስኪያልቅ መንዳት አይቻልም። ይህ ግንኙነት ስጋትም አለው፦ በ2015 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በጉዞ ላይ የነበረች መኪናን በስልክ ኔትወርክ በኩል ከሩቅ መቆጣጠር መቻላቸውን ካሳዩ በኋላ 1.4 ሚሊዮን መኪኖች ለጥገና ተጠርተዋል። የተባበሩት መንግሥታት በ2020 ያጸደቃቸው ሁለት ደንቦች አምራቾች የሳይበር ጥቃትን እንዲከላከሉና ማሻሻያውንም በሥርዓት እንዲያካሂዱ ያስገድዳሉ። ሆኖም ከአንዱ ማሻሻያ በኋላ የአየር ማቀዝቀዣው መቆጣጠሪያ በስክሪኑ ላይ ቦታውን ቀይሮ አገኘሁት፤ በመንዳት ላይ ሳሉ ዓይንን ከመንገድ አንሥቶ መፈለግ ቀላል ነገር አይደለም። የመኪኖችን ደኅንነት የሚመዝነው የአውሮፓ ተቋም ዩሮ ኤንካፕ ከ2026 ጀምሮ ለፍሬቻ፣ ለክላክስና ለዝናብ መጥረጊያ በእጅ የሚዳሰስ መቆጣጠሪያ ላላቸው መኪኖች በምዘናው ነጥብ መስጠቱ በጎ እርምጃ ነው፤ ማቀዝቀዣውም ቢጨመርበት ደስ ባለኝ።

በመረጃ ጉዳይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በሕግ የሚገጠመው የግጭት መዝጋቢ ከአደጋው በፊት ያሉትን 5 ሰከንዶች ያህል ፍጥነትና የፍሬን አጠቃቀም ይይዛል፤ የነጂውን ማንነት አይመዘግብም። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ የሆነው የአደጋ ጊዜ ጥሪም ኤርባግ እስኪፈነዳ ወይም ሰው ቁልፉን እስኪጫን ድረስ ተኝቶ ይቆያል። መኪናዋ የት እንደቆመችና እንዴት እንደተነዳች ዘወትር የሚያውቀው በስልኬ ላይ ያለው የአምራቹ መተግበሪያ ነው። ፈቃዱን መንፈግ ይቻላል፣ ነገር ግን በርን ከርቀት መቆለፍና የቀጥታ የትራፊክ መረጃ አብረው ይቋረጣሉ። የኅብረቱ የመረጃ ሕግ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ባለቤቱ መኪናው ያመነጨውን መረጃ እንዲያገኝ መብት ሰጥቶታል።

አምራቹ የሚሰጠው የነጻ አገልግሎት ጊዜ ሲያበቃ የማድሰው የትራፊክ መረጃውን ብቻ ይሆናል። ፍሬኑም ሆነ የአደጋ ጥሪው ያለ ክፍያ ይሠራሉ፤ በሩን ደግሞ በቁልፉ እቆልፋለሁ።