የእማዬ ፓስፖርት፣ የሄደው ቀብድና አጂፕ ያለችው ኮምፒውተር ቤት

ሁለት አገልግሎት ቀምሻለሁ። አንዱ 3,750 ብር ወስዶ ምንም አልሰጠኝም። ሌላዋ 150 ብር ተቀብላ ጉዳዬን ጨረሰችልኝ። ሁለቱንም ልንገራችሁ፤ በተለይ ጅማና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ለእናት ለአባታችሁ ፓስፖርት ልታሳድሱ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እህቴ ጅዳ ወልዳ እማዬ አራስ ልትጠይቅ ተነሳች። ፓስፖርቱን ከቁም ሳጥን አውጥተን ስናየው ጊዜው አልፎበታል። ማታ ነበር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ስልኬን አውጥቼ «ፓስፖርት እድሳት» ብዬ ጎግል ላይ ጻፍኩ። መጀመሪያ የመጣውን ነካሁ።

ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። ከላይ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ገንዘብ የተከፈለባቸው ማስታወቂያዎች ናቸው። ከጎናቸው በትንንሽ ፊደል «ስፖንሰርድ» የሚል አለ፤ ስልክ ላይ ዓይን አይገባም። የከፈለ ሁሉ ከላይ ይወጣል፣ እውነተኛው መሥሪያ ቤት ግን ከታች ሊገኝ ይችላል።

ድረ ገጹ ያምራል። ባንዲራ አለው። የፓስፖርት ፎቶ አለው። «በ3 ቀን እጅዎ ላይ» ይላል። አድራሻው ውስጥ «ጎቭ» የሚል ቃል ስላየሁ የመንግሥት ነው ብዬ አመንኩ። ግን ቃሉ የተሰካው መሃል ላይ ነው፤ መጨረሻው ነጥብ ኮም ነበር። ይህን ያየሁት ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው። ከገጹ ግርጌ ደግሞ በግራጫ ፊደል «እኛ የግል አማካሪዎች ነን፣ ከመንግሥት ጋር ግንኙነት የለንም» የሚል አረፍተ ነገር ነበር። እሱንም ያነበብኩት በማግስቱ ነው።

ፎርሙን ሞላሁ። የእማዬን ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የድሮውን ፓስፖርት ፎቶ፣ የፋይዳ ቁጥሯን፣ ሁሉንም ሰጠሁ። ከዚያ «ጠቅላላ 7,500 ብር፣ ግማሹን ቅድሚያ» አለኝ። የተላከልኝ የባንክ አካውንት በአንድ ግለሰብ ስም ነው። ትንሽ ደንገጥ አልኩ፤ ግን እማዬ አጠገቤ ሆና «አለቀ?» ስትለኝ ቶሎ ልጨርስላት ፈለግኩና ላክሁ። ወዲያው ቴሌግራም ላይ «አድሚን» ነኝ የሚል ሰው ጻፈልኝ። «አሁን እናትህ ስልክ ላይ ቁጥር ይመጣል፣ እሱን ላክልኝ» አለኝ።

ቁጥሩ መጣ። ስልኩ እማዬ እጅ ላይ ነው። መነጽሯን አድርጋ መልእክቱን አነበበችውና «ለማንም አትስጡ ይላል እኮ። ለማን ነው የምትሰጠው?» አለችኝ። «ለአድሚኑ» አልኳት። «አድሚን ማን ነው? የማን ልጅ ነው?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ስልኩን አጥፋው አለችኝ። ቤታችንን ያተረፈችው እሷ ናት።

ይህ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። በስልክ የሚመጣው የማረጋገጫ ቁጥር፣ ኦቲፒ የሚሉት፣ ፊርማ ማለት ነው። ፋይዳ ላይ «ይህች ሴት ራሷ ነች፣ መረጃዋን ክፈቱ» የሚለው ትእዛዝ በዚያ ቁጥር ነው የሚረጋገጠው። ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥርና ኦቲፒው አንድ እጅ ላይ ከገቡ ሰውየው እናታችሁን ሆኖ መቆም ይችላል። ገንዘብ ሠርቶ ይመለሳል፤ የእናት ማንነት ሌላ ሰው እጅ ከገባ በኋላ መመለሱ ከባድ ነው። በነገራችን ላይ ፋይዳ መመዝገብ በነፃ ነው። «ፋይዳ በኢንተርኔት እንመዘግባለን፣ ክፈሉ» የሚላችሁ ካለ እዚያው ተዉት፤ አሻራና የዓይን ብሌን በስልክ አይሰጥም።

በማግስቱ ጠዋት ለባንኩ፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ 951 ላይ ደወልኩ። ዝውውሩን በራሴ እጅ ስላጸደቅኩት መመለሱ ቀላል እንዳልሆነ ነገሩኝ። ለፖሊስም አመልክቻለሁ፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ይመለከታል። ስክሪንሹቶቹን፣ የትራንዛክሽን ቁጥሩንና የቴሌግራሙን ጽሑፍ አልሰረዝኩም። እናንተም እንዳትሰርዙ፣ በንዴት ሁሉንም የሚያጠፋ ሰው ብዙ ነው፣ ከዚያ ለማመልከት ሲሄድ እጁ ላይ ምንም ማስረጃ የለም።

አሁን ወደ ኮምፒውተር ቤቷ። እዚሁ ጅማ፣ አጂፕ የሚባለው ሰፈር ናት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቶቹ መካከል ያለች ጠባብ ክፍል፣ በሯ ላይ ሁለት የጅማ በርጩማ የተቀመጠባት። ስም አልሰጥም፤ ባለቤቷም ማስታወቂያ አልጠየቀችኝም። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ስካነር፣ አንድ ፕሪንተር። እማዬን እንዳየች «እማማ፣ ይቀመጡ» ብላ ወንበሯን ለቀቀች። ከእኛ በፊት አንድ የቡና ነጋዴ ንግድ ፈቃዱን ሊያሳድስ ተቀምጧል፤ እድሳቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታህሳስ 30 ያለቅጣት ስለሚካሄድ ቀኑ ሳይጠጋ ልጨርስ ብሎ ነው። እሱም «ስልኬ ላይ ፈቃድ እናድሳለን የሚል መልእክት መጥቶልኛል» ሲላት ስልኩን ተቀብላ አድራሻውን አየችና «አባቴ፣ ይሄን አይንኩት» አለችው። ያኔ ነው ልቤ የተቀመጠው።

ታሪኬን ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ወንበሯን ወደ እኛ አዞረችና ስክሪኑን አሳየችን። «መጨረሻውን ነው የምታየው» አለችኝ። የኢትዮጵያ መንግሥት ተቋም አድራሻ ሲያልቅ ነጥብ ጎቭ ነጥብ ኢቲ ይላል። ከዚያ በኋላ መምጣት የሚችለው ያዘመመ መስመር (/) ብቻ ነው። ጎቭ የሚለው መሃል ላይ ከሆነና መጨረሻው ኮም ወይም ኦርግ ከሆነ ያ ማንም ሰው ገዝቶ የሚይዘው ስም ነው። የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት የፓስፖርት ገጽ ኢትዮጵያንፓስፖርትሰርቪስስ ነጥብ ጎቭ ነጥብ ኢቲ ነው። ረጅም ነው፣ አዎ፤ አንዴ በእጃችሁ ጻፉትና ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፣ ሁለተኛ በጎግል አትፈልጉት።

ብዙ ሰው የሚደናገርበት ምክንያትም አለ። ተቋሙ ቀደም ሲል የኢንተርኔት አገልግሎቱን ይሰጥ የነበረው መጨረሻው ነጥብ ኮም በሆነ አድራሻ ነበር። ያኔ የተሳካለት ሰው ዛሬም ለጎረቤቱ «ኮም ነው እኮ፣ እኔ ራሴ ሠርቼበታለሁ» ይላል። ክፋት የለውም፣ ግን ጊዜው አልፏል። አስመሳዮቹ የሚኖሩት በዚህ በድሮ ትዝታ ላይ ነው።

ፎርሙን ስትሞላ እማዬን እያንዳንዱን ጠየቀቻት። የስም አጻጻፍ ላይ ቆመች። የእማዬ አባት ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ድሮው ፓስፖርት ላይ አንድ ኤስ ብቻ ነው ያለው፤ እኔ ማታ ሁለት አድርጌ ነበር የሞላሁት። «እንደ ድሮው ነው መሆን ያለበት፣ አለዚያ ቲኬቱም ቪዛውም ይጣላሉ» አለች። ይህን ማንም አስመሳይ ድረ ገጽ አይነግራችሁም፤ የሞላችሁትን እንዳለ ወስዶ ዝም ነው። ከዚያ የሚቀርቡበትን ቢሮ የሚያስመርጠው ቦታ ላይ ጅማን መረጠች። እዚህ ከተማ ቅርንጫፍ አለ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማታ የከፈልኩት ሰውዬ ግን «አዲስ አበባ እኛ እንጨርሳለን» ነበር ያለኝ።

ክፍያው ሲመጣ ፎርሙ ቁጥር ሰጠን፣ በቴሌብር ከፈልን። እዚህ ላይ የተማርኩት ነገር አለ፤ ፒን ከማስገባታችሁ በፊት የተቀባዩ ስም ይታያል። የተቋም ስም መሆን አለበት። የሰው ስም ካያችሁ፣ የፈለገ ቢያባብላችሁ፣ ውጡ። መደበኛው የፓስፖርት ክፍያ 5,000 ብር ነው፤ በ2016 ክረምት ከመጨመሩ በፊት 2,000 ነበር። ዋጋውን አስቀድማችሁ ካወቃችሁ 7,500 የሚላችሁ ሰው 2,500ው ለምን እንደሆነ መጠየቅ ትችላላችሁ። እኔ አልጠየቅኩም፣ ምክንያቱም ትክክለኛውን ዋጋ አላውቅም ነበር።

ባለቤቷ የወሰደችው 150 ብር ነው፣ ስካንና ፕሪንት ጨምሮ። ኦቲፒው ሲመጣ ደግሞ ኪቦርዱን ወደ እማዬ ገፋችላትና ፊቷን አዞረች። ቁጥሩን እማዬ በራሷ ጣት አስገባች። ስንጨርስ የሰቀለችውን ፎቶ ሁሉ ከኮምፒውተሩ ላይ እያየን አጠፋችው። ሌላ ኮምፒውተር ቤት ብትሄዱም እነዚህን ሁለት ነገሮች ጠይቁ፤ ዴስክቶፑ ላይ የመቶ ሰው መታወቂያ የተደረደረበት ቤት አይቻለሁ፣ በጣም ያሳስበኛል።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ለንደን ያለችው የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግራት የራሷን አወራችኝ። እዚያ የመንጃ ፈቃድ ፎቶ ካርድ በየ10 ዓመቱ ይታደሳል፤ በመንግሥቱ ገጽ በኢንተርኔት ሲሆን 14 ፓውንድ ነው። እሷ ግን ከላይ የመጣውን ነክታ ከ70 ፓውንድ በላይ ከፍላለች። ልዩነቱ፣ ያኛው ድርጅት ማመልከቻዋን በትክክል አስገብቶላታል። ካርዱም መጥቷል። ሕጋዊ ጉዳይ አስፈጻሚ ነው፣ ግን ራሷ በ10 ደቂቃ የምትሠራውን ነው በአምስት እጥፍ የሸጠላት፣ የመንግሥት ገጽ መስሎ። እንደዚህ ያለውም፣ እንደኔ ያለው ቀጥተኛ ሌባም፣ በር ላይ ሲያዩዋቸው አንድ ዓይነት ናቸው። ለጥምቀት ስትመጣ በእንግሊዝ ፓስፖርቷ ቪዛ ያስፈልጋታልና ኢቪዛ ነጥብ ጎቭ ነጥብ ኢቲ የሚለውን በድምፅ ልኬላታለሁ። የኢትዮጵያን ቪዛ እናወጣለን የሚሉ የውጭ ድረ ገጾች ብዙ ናቸው፤ ውጭ ዘመድ ያላችሁ ይህችን አንዷን አድራሻ ላኩላቸው።

ግምገማዬን በቁጥር ካላችሁኝ፣ ለማታው ድረ ገጽ ዜሮ። ለኮምፒውተር ቤቷ ከ5 አምስት፣ ሳላቅማማ። አንድ ችግር አላት፤ ቦታው ጠባብ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተር ስለሌላት መጠበቅ አለ። እኛ አንድ ሰዓት ያህል ጠብቀናል። እማዬ ግን ከቡና ነጋዴው ጋር ስለ ሊሙ ቡና ስታወራ ሰዓቱን አላየችውም።

በቀጠሯችን ቀን ቅርንጫፉ ሄደን እማዬ አሻራዋንና ፎቶዋን ሰጥታለች፣ አሁን እየጠበቅን ነው። ወደ ኮምፒውተር ቤቷ የምትሄዱ ከሆነ ሐሙስን ተዉት፤ የሂርማታ ገበያ ቀን ስለሆነ ከገጠር የመጣው ሰው ሁሉ ጉዳዩን በዚያው ሊጨርስ ይመጣል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ትከፍታለች። የድሮውን ፓስፖርት፣ ፋይዳውንና ፋይዳ የተመዘገበበትን ሲም ካርድ የያዘውን ስልክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስልኩን ቤት የረሳ ሰው ተመልሶ ሲሄድ አይቻለሁ። እናታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።