በዱባይ የአንድ ፓደል ክለብ የአማተሮች ውድድር፦ አሰናጃጀቱ እንዴት ነው?

በዱባይ አል ቁዝ መንደር፣ በመጋዘኖች መካከል ከተከፈቱት የፓደል ክለቦች አንዱ ለአማተሮች የሚያዘጋጀው የምሽት ውድድር አሰናጃጀቱ በአብዛኛው የሚያስመሰግን ነው። ፓደል ከሜዳ ቴኒስ ጋር ቢዛመድም፣ 20 በ10 ሜትር በሆነና ዙሪያውን በመስታወትና በሽቦ በታጠረ ሜዳ ላይ ሁለት ለሁለት የሚደረግ ስለሆነ፣ የአዘጋጁ ዋና ራስ ምታት ማን ከማን ጋር ይጣመር የሚለው ነው።

ክለቡ የሚከተለው «አሜሪካኖ» የተባለውን ስልት ነው። ስምንት ሰዎች በሁለት ሜዳ ሰባት ዙር ሲጫወቱ እያንዳንዱ ከቀሩት ሰባቱ ከእያንዳንዳቸው ጋር አንድ ጊዜ ይጣመራል፤ ግጥሚያው የሁለቱ ወገን ነጥብ ተደምሮ 24 ሲሞላ ስለሚያበቃና ነጥቡም በየግል ስለሚመዘገብ፣ 14 ለ10 የተረታ ተጫዋች እንኳ 10 ነጥቡን ይዞ ወደሚቀጥለው ዙር ይሻገራል። በሰው አገር ቋሚ የጨዋታ ጓደኛ ለሌለውና ብቻውን ለሚመጣ ሰው ከዚህ የተመቸ አሠራር አላየሁም። በጥሎ ማለፍ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ሰው ገና ላብ ሳይወጣው ወደ ቤቱ በተሸኘ ነበር። አንዱ ግጥሚያ ከሩብ ሰዓት ስለማያልፍም ሁሉም ነገር በሁለት ሰዓት የሜዳ ኪራይ ውስጥ ይጠናቀቃል፤ የዙሮቹ ድልድል አስቀድሞ በዋትስአፕ ስለሚላክ «አሁን ተራው የማን ነው?» የሚል ግርግር የለም።

ድክመቱ ያለው በምዝገባው ላይ ነው። ተመዝጋቢው ስለ ችሎታው የሞላውን ማንም ስለማያጣራ፣ ለዓመታት የተጫወተ ሰው ራኬት ከጨበጠ ወር ካልሞላው ጀማሪ ጋር ይፋጠጣል፤ ውጤቱም 21 ለ3 ይሆንና ለአሸናፊውም ለተሸናፊውም አይጥምም። ከጥቂት ዙሮች በኋላ በደረጃ ሰንጠረዡ መሠረት አንደኛው ከአራተኛው ተጣምሮ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ወደሚገጥምበት «ሜክሲካኖ» ቢዞሩ ክፍተቱ በእጅጉ ይጠብ ነበር። ነጥብ እኩል ሲሆን አሸናፊው በምን እንደሚለይም አስቀድሞ አልተነገረም፤ ለአንዲት ጣሳ ኳስ ሽልማት ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ይሟገታሉ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

ከሁሉ በላይ ሊታረም የሚገባው ግን የራኬቱ ማሰሪያ ነገር ነው። ማሰሪያውን በእጅ አንጓ ላይ ማጥለቅ በጨዋታው ሕግ ግዴታ ሆኖ ሳለ፣ በተከራዩት ራኬቶች ላይ የተበጠሱ ማሰሪያዎች ነበሩ፤ አራት ሰው በጠባብ ሜዳ ውስጥ በሚሯሯጥበት ጨዋታ ይህ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። የራሱ ራኬት ያለው ሰው ይዞ ቢሄድ ይመረጣል።