ቀኑን ሙሉ ጆሮ ላይ የሚውል ሄድፎን፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ሄድፎን ልንገዛ ስንል አብዛኞቻችን የምንጠይቀው ስለ ድምፁ ነው። ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) እንዴት ነው? ጩኸት ይከላከላል ወይ? እኔ ከወራት በኋላ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ ሆኗል፦ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ማድረጌን እረሳዋለሁ ወይስ ቶሎ ላውልቀው እላለሁ? ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጆሮ የሚያሳምም ሄድፎን መጨረሻው መሳቢያ ውስጥ ነው።

እኔ የምጠቀመው ሁለት ነው። ሥራ ላይ ስሆን ትልቁን፣ የሶኒን ደብሊውኤች-1000ኤክስኤም4፤ ስንቀሳቀስና ስልክ ሳወራ ደግሞ ጆሮ ውስጥ የምትገባውን ትንሿን፣ የሳምሰንግን ጋላክሲ በድስ 2። ሁለቱም አዲስ ሞዴል አይደሉም። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2020፣ ሁለተኛው በ2021 የወጡ ናቸው። ለዕለት ተዕለት ሥራ ግን ዛሬም ምንም አይጎድላቸውም።

ከክብደት ልጀምር። ሶኒው 254 ግራም ነው። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ የአፕል ኤርፖድስ ማክስ ወደ 385 ግራም እንደሚመዝን ስታውቁ ግን ልዩነቱ ይገባችኋል። ያ ትርፍ ክብደት መጀመሪያ ላይ አይሰማም። ከሰዓት በኋላ አናትና አንገት ላይ ነው የሚታወቀው። ከክብደቱም በላይ ወሳኙ ግን ጭንቅላትን የሚጨምቅበት ኃይል ነው፤ ከላላ ጎንበስ ባልን ቁጥር ይንሸራተታል፣ ከጠበቀ ደግሞ በተለይ እንደ እኔ መነጽር ለሚያደርግ ሰው የመነጽሩን ክንድ ከጆሮ በላይ አጥንቱ ላይ ይጫነውና ራስ ምታት ያስከትላል። መነጽር ሌላም ጣጣ አለው። ክንዱ በትራሱ (ጆሮን በሚከበው ለስላሳ ክፍል) እና በቆዳችን መካከል ክፍተት ይፈጥራል፣ በዚያች ክፍተት ቤዙ ይወጣል፣ የውጭው ጩኸት ይገባል። የሶኒው ትራስ ለስላሳ ስለሆነ ክንዱን ዋጥ ያደርገዋል። ቀጭን ክንድ ያለው መነጽር ካላችሁ ደግሞ ልዩነቱን ወዲያው ትሰሙታላችሁ። ሄድፎን ስትሞክሩ መነጽራችሁን አድርጋችሁ ሞክሩ፣ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ። ለአንድ ደቂቃ ከሆነማ የማይመች ሄድፎን የለም።

ሙቀቱን መደበቅ አይቻልም። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሁሉ ያሞቃል፣ የትኛውም ብራንድ ቢሆን። እኔ በየሰዓቱ ለትንሽ ደቂቃ አወልቀዋለሁ፣ ጆሮም ያርፋል። ላቡን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ልማድ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የትራሱ ሰው ሠራሽ ቆዳ የሚላላጠው በላብና በቅባት ነውና። ከዚህ በፊት የነበረኝ ሌላ ሄድፎን ድምፁ ሳይበላሽ ትራሱ ብቻ ተልጦ አለቀ፣ መቀየሪያውም አልተገኘም። ስለዚህ አሁን ከመግዛቴ በፊት ትራሱ ወልቆ በሌላ ይቀየራል ወይ ብዬ አያለሁ። የሶኒው ይቀየራል።

ጩኸት ማጥፊያውን በተመለከተ ከልቤ ነው የማመሰግነው። ግን ምን እንደሚሠራ አውቆ መግዛት ነው። የሞተርን፣ የቬንትሌተርን፣ የአውሮፕላንን የማያቋርጥ ወፍራም ድምፅ በደንብ ይቀንሳል። የሰው ወሬና ድንገተኛ ድምፅ ግን ደከም ብሎም ቢሆን ይሰማል። ፍጹም ዝምታ የሚጠብቅ ሰው ቅር ይለዋል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ድምፁን ሳልጨምር መስማት መቻሌ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ገደብ 80 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ደግሞ ጆሮ ሳይጎዳ የሚችለው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ጩኸት ባለበት ቦታ ሙዚቃውን ከጩኸቱ በላይ ለማድረግ ስንል ሳናውቀው እዚያ እንደርሳለን። የተጎዳ ጆሮ ደግሞ ተመልሶ አይድንም፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

በየቀኑ የሚያስደስቱኝ ነገሮች ማስታወቂያ ላይ በትንሹ የሚጻፉት ናቸው። ሶኒው ከላፕቶፕና ከስልክ ጋር በአንዴ ይገናኛል፤ ቪዲዮ እያየሁ ስልክ ቢደወል እዚያው አነሳለሁ። ጩኸት ማጥፊያው በርቶም ባትሪው እስከ 30 ሰዓት ይሄዳል፣ 10 ደቂቃ ቻርጅ ደግሞ ለ5 ሰዓት ያህል ይበቃል። ይታጠፋል፣ ቦርሳ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። በገመድም ይሠራል። ስናወራ ሙዚቃውን በራሱ የሚያቆመውን ነገር ግን አጥፍቼዋለሁ፣ ሙዚቃውን ተከትሎ ለሚያንጎራጉር ሰው አይሆንም። አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፦ ኮምፒውተር ላይ ስብሰባ ስትገቡ ድምፁ ድንገት የታፈነ ቢሆንባችሁ ተበላሽቶ አይደለም። የሄድፎኑ ማይክ ሲከፈት ብሉቱዙ ወደ ስልክ ጥሪ ዓይነት ግንኙነት ስለሚቀይር ነው። የላፕቶፑን ማይክ ብትመርጡ ጥራቱ ይመለሳል።

ወደ ትንሿ ስመጣ፣ እያንዳንዷ 5 ግራም ናት፣ ስለ ክብደት ወሬ የለም። እዚህ ሁሉም ነገር ጆሮ ውስጥ የሚገባው ጎማ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ሦስት መጠን ይመጣል፣ ብዙ ሰው ግን ተገጥሞ የመጣውን መካከለኛውን ብቻ ተጠቅሞ «ይወድቅብኛል፣ ቤዝ የለውም» ይላል። ሁሉንም ሞክሩ። ግራና ቀኝ ጆሯችን እኩል ላይሆን ስለሚችል ሁለት የተለያየ መጠን ማድረግም ምንም ነውር የለውም፣ እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው። ማኘክና ራስን መነቅነቅ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ ካልላላ ልክ ነው። የራሳችሁ ድምፅ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ሲያስተጋባ ከረበሻችሁ ደግሞ የውጭ ድምፅ የሚያስገባውን አማራጭ አብሩት፣ ስልክ ሳወራ ሁልጊዜ ክፍት ነው።

የትንሿን የድምፅ መውጫ መረብ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት አትርሱ። የአንዱ ጆሮ ድምፅ ቀነሰ ሲባል ብዙ ጊዜ የጆሮ ኩክ ዘግቶት ነው። የውሃ መከላከያ ደረጃዋ አይፒኤክስ2 ብቻ (ቁጥሩ ሲጨምር መከላከሉም ይጨምራል) ስለሆነ ዝናብ ላይ ወይም ላብ በላብ የሚያደርግ ስፖርት ላይ አልደፍራትም፤ ለዚያ ቢያንስ አይፒኤክስ4 ያለው ፈልጉ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ትልቁን ሄድፎን ትራሱንና ባትሪውን አይቶ መውሰድ ይቻላል። ትንሿን ግን አልመክርም። ባትሪዋ 61 ሚሊአምፔር ሰዓት ብቻ ናት፣ አዲስ ሆና ጩኸት ማጥፊያው በርቶ 5 ሰዓት ያህል ነው የምትሄደው። እንዲህ ያለች ትንሽ ባትሪ በየቀኑ ቻርጅ ስትደረግ አቅሟ መቀነሱ አይቀርም፣ መቀየሩም ከባድ ነው። በሌላ ሰው እጅ ሁለት ዓመት ያገለገለች ከሆነማ ምን ያህል እንደቀረላት ከውጭ ዓይቶ ማወቅ አይቻልም።